መስመር ያልገባችውን ነጥብ አትሰርዟት

ልጆች እንዴት ናችሁ፣ እኔ እዚሁ ባህር ዳር ፊዚክስ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ማታ ማታ ጣና ዳር ሰማይ አያለሁ (መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ያማርራል እኔ ግን ኮከቡ ፏ ስለሚልልኝ ደስ ይለኛል፣ አትፍረዱብኝ)።

የማትሪክ ውጤት ሲመጣ አንገታቸውን ደፍተው "አበቃልን ጋሼ" ለሚሉኝ ልጆች የሰማይ ተመራማሪዋን የጆስሊን ቤልን ነገር ነው የማወራላቸው። በ1943 ሰሜን አየርላንድ የተወለደች ናት፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። ልጅ እያለች የመለያ ፈተና ወድቃለች። አዎ ወድቃለች። ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፣ በገባች ቁጥር ወንዶቹ ያፏጩባታል መሬት ይደበድቡባታል።

እኔ ግን የምወዳት ለሌላ ነው። ካምብሪጅ ለፒኤችዲ ሄዳ ሁለት ዓመት ያህል ምን ስትሰራ ከረመች መሰላችሁ፣ ምሰሶ መትከልና ሽቦ መዘርጋት! የሬዲዮ ቴሌስኮፑን (ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበለውን) ከነጓደኞቿ በእጇ ነው የሰራችው። በ1967 ስራ ሲጀምር በቀን 30 ሜትር ገደማ ወረቀት ግራፍ ያወጣል፣ ያን ሁሉ በአይኗ ስትለቅም አንዲት ትንሽ ጭረት አየች፣ የሚታወቅ ኮከብም የመኪና ረብሻም አትመስልም፣ ሌላ ሰው ቢሆን ያልፋት ነበር እሷ ግን ተከታተለቻት፣ ጭረቷ በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመች ትመጣለች፣ ይሄ ደግሞ የከዋክብት ሰዓት ነው፣ የምትመጣው ከሰማይ ነው ማለት ነው፣ እናንተም ጣና ላይ አንዱን ኮከብ ምልክት አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ማታ ብታዩት እንደዛው ነው። ወረቀቱን አፍጥና ስትቀዳው በየ1.3 ሰከንዱ ቲክ፣ ቲክ። ፐልሳር ነበር፣ የፈነዳ ኮከብ ትራፊ፣ ስፋቱ ጣና ውስጥ ይገባል ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል።

የ1974ቱን ኖቤል አማካሪዋ ከሌላ ሰው ጋር ወሰደ፣ እሷን ዘለሏት። በ2018 ሌላ ሽልማት 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጧት፣ ሙሉውን ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ አደረገችው። እኔ ብሆን እንጃ።

ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ መስመር ያልገባች ነጥብ ስትመጣባችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ነገም ለኩ። ይሄን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ድሮ አንዲት ተማሪዬ የፔንዱለም ልኬት ይዛ መጥታ "ጋሼ ይቺ ነጥብ እምቢ አለችኝ" ስትለኝ፣ የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ሳላያት "ስህተት ናት ሰርዢያት" አልኳት። ላጲስ አልያዘችም፣ ጣቷን በምራቅ አርሳ ፈተገቻት፣ ወረቀቱ እዛች ቦታ ላይ ተበሳ።