በአዲሱ አውቶብስ ከላምበረት ሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ «እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ልሄድ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። በቅርብ ሥራ በጀመረው አውቶብስ ይሻለናል ወይስ እንደ ወትሮው በአባዱላ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የድርጅቱን ስም አላነሳም፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ገና ከመነሻው አናደዱኝ። ትኬቱ 12 ሰዓት ይላል፤ ከላምበረት የወጣነው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። 14 ቁጥር ወንበሬም ለሌላ ሰው ተሽጦ ጠበቀኝ። ረዳቱ «እንቻቻል እንጂ» ሲል ሰውየው «ተደራርበን ነው የምንቻቻለው?» አለውና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ እኔው ወደ ኋላ ሄድኩ፣ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ብዙ የሚወራለት የለውም፤ ሸኖንና ጫጫን በእንቅልፍ ነው ያለፍኳቸው። ኬክና ውሃ አደሉን። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ! ግማሹ ሰው ኬኩን መለሰ። እናትየዋ ግን ተቀብለው በሶፍት ጠቀለሉና «ለልጅ ልጄ ይሆናል» ብለው ጉያቸው ከተቱት። ከዚያ ከዘንቢላቸው ቆሎ አውጥተው ዘገኑልኝ።

እኔን ያሳመነኝ ጣርማ በር ነው። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ስናልፍ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሹፌሩ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀነሰ፣ መብራት አበራ፣ ደብረ ሲና እስክንገባ አንድም መኪና አልቀደመም። በአባዱላ ስትወርጂ የሚሸትሽን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ታውቂው የለ? እሱ አልሸተተኝም። ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑ ሲግል አልይዝ ይለዋል፤ ይሄኛው ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ነው ያስያዘው። ለዚህ ብቻ ስል የአንድ ሰዓቱን መዘግየት ይቅር ብያቸዋለሁ።

ለእናትሽ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መሃል ያለውን የመተላለፊያ ዳር ወንበር ጠይቂላቸው፤ ኋላ ወንበር ያንገጫግጫል፣ መስኮት ዳር ደግሞ ጉልበት አያስዘረጋም። ትኬቱን ስትቆርጪ የወንበር ቁጥሩ መጻፉን አይተሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። አውቶብሱ ሽንት ቤት አለው ተብሎ ነበር፣ እኔ ስሄድ ግን ተቆልፎ ነው የዋለው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ለቁርስ ሲቆም እንዳያልፋችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ በአንድ ሰዓት ገደማ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለ ሙቀት ነው የምትወርዱት፣ ጆሮም ይደፍናል። ጋቢው ይኑር፣ ከስር ግን ስስ ልብስ ይልበሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ማታውኑ ሸዋ ሮቢት ደውለሽ መንገዱን አጣሪ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ ሻጮቹ እንደለመዱት መስኮቱን ያንኳኳሉ። የዚህ አውቶብስ መስኮት አይከፈትም። እናትየዋ በመስታወቱ ውስጥ በጣታቸው «ሁለት!» እያሉ ሲያሳዩ፣ ልጅቷም ከውጭ ሁለት ጣቷን ቀስራ ስትመልስላቸው አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ። ቆሎ የምትፈልጊ ከሆነ ገና ሲቆም ቶሎ ብለሽ ውረጂ።