ስሌታችሁን ለጁሪ ስታሳዩ

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

አሜሪካ ውስጥ በምህንድስና የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ለባለሙያ ምስክርነት ሊጠራ ይችላል። አገር ቤት የሚያዳምጣችሁ ዳኛ ነው። እዚህ ግን በፌዴራል ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ በጁሪ ሲታይ የሚፈርዱት ከየሥራቸው የተጠሩ ከ6 እስከ 12 ሰዎች ናቸው። የሙያ ሥዕላችንን ማንበብ አይጠበቅባቸውም። እንዲገባቸው ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው፤ ሥዕሉ ስሌቱ ከሚለው በላይ እንዳይናገር መጠበቅም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በካንሳስ ሲቲ፣ ሚዙሪ፣ የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ሁለት ተንጠልጣይ መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰው ሞቷል። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣሪያ የሚወርደው ወጥ የብረት ዘንግ የ4ኛውን ፎቅ ቢም (መተላለፊያውን የሚሸከመውን አግዳሚ ብረት) አልፎ እስከ 2ኛው ይደርሳል፤ እያንዳንዱ መተላለፊያ በራሱ ዳዶ ላይ ያርፋል። ሲሠራ ግን ዘንጉ ለሁለት ተከፈለና የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው ቢም ላይ ተንጠለጠለ። ከ4ኛው ፎቅ ቢም ሥር ያለው ዳዶ የሁለቱንም ጭነት ተሸከመ።

ይህን ለጁሪ ማስረዳት ቢኖርባችሁ የፋብሪካውን ሥዕል ከነልኬቱ ስክሪን ላይ አታውጡ። ሰዎቹ ቁጥር ማንበብ ይጀምራሉ፤ እናንተን መስማት ያቆማሉ። ሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን፣ በአንድ ስኬልና በአንድ አቅጣጫ ሥሉ፤ ቀለም የሚቀባው የተለያዩበት ቦታ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ዘንጉንና ቢሙን አሳዩ፣ ቀጥሎ ዳዶውን፣ በመጨረሻ የጭነቱን ቀስት። የሁለተኛው ቀስት ርዝመት በትክክል እጥፍ ይሁን። ሁለት ሰዎች አንዱን ገመድ ለየብቻ ሲይዙና የታችኛው የላይኛውን እግር ይዞ ሲንጠለጠል ያለውን ልዩነት ብትነግሯቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ብዙ ባለሙያ ግን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስህተቱም ይኸው ነው። አደጋውን ያጠኑት የአሜሪካ የብሔራዊ ደረጃዎች ቢሮ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው የሕንፃ ኮድ (የግንባታ ደንብ) ከሚጠይቀው አቅም ወደ 60 በመቶ ብቻ ነበረው። እጥፍነቱን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል "ንድፉ ባይለወጥ ኖሮ ደህና ነበር" የሚል፣ ማንም ያላሰላውን መልእክት ያስተላልፋል። ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል፦ ኮዱ የሚጠይቀው፣ የመጀመሪያው ንድፍና የተሠራው፣ በሦስት ዓምዶች። ዓምዶቹ ከዜሮ ይጀምሩ፤ ከ20 ወይም ከ30 ከጀመሩ ልዩነቱ ከእውነቱ በላይ ይገዝፋል።

የፋይናይት ኤለመንት (አካሉን በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ በኮምፒውተር የማስላት ዘዴ) ውጤት ስታቀርቡ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ሶፍትዌሩ ካልተነገረው በቀር ከፍተኛውን ስትረስ (በስፋት አሃድ ላይ የሚያርፈውን ውስጣዊ ኃይል) ቀይ ይቀባዋል። ብረቱ ቋሚ የቅርጽ ለውጥ የሚጀምረው 250 ሜጋፓስካል ላይ ሆኖ፣ ያገኛችሁት ከፍተኛ ቁጥር 90 ብቻ ቢሆንም ቀይ ነው። የጁሪ አባል ቀይ ሲያይ "እዚህ ጋ ተሰበረ" ብሎ ይረዳል። የቀለሙን ጣሪያ በእጃችሁ 250 ላይ አድርጉት። ጉብጠቱም እንዲሁ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር የጎበጠ ቢም 100 ጊዜ ሲጎላ 30 ሳንቲ ሜትር የረገበ ይመስላል። የተጎላበትን መጠን ምስሉ ላይ በትልቁ ጻፉ፣ ያልተጎላውንም አጠገቡ አስቀምጡ። ይህን ሳትናገሩ ቀርታችሁ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ቢያወጣው፣ ትክክለኛው ስሌታችሁም አብሮ ይጠረጠራል።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ማስረጃ ደንብ ቁጥር 107 እንደሚለው፣ ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ምስል ማስረጃ አይደለም። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ካልተስማሙ ወይም ዳኛው በበቂ ምክንያት ካልፈቀዱ፣ ጁሪው ለምክክር ሲገባ ይዞት አይሄድም። ስለዚህ በቃል የማይያዝ ሥዕል ብዙ አይጠቅምም። አኒሜሽንና ሲሙሌሽንንም ለዩ። አኒሜሽን የምትናገሩትን ብቻ ያሳያል፤ ሲሙሌሽን ከመረጃ ተነሥቶ ራሱ ውጤት ስለሚያወጣ ዘዴው የባለሙያ ምስክርነትን በሚመለከተው ደንብ ቁጥር 702 ይፈተናል።

ቀይና አረንጓዴን ለማነጻጸሪያ አትጠቀሙ፤ ሁለቱን መለየት የሚያቅታቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም። ሥዕሉን ለጠበቃው ከማስረከባችሁ በፊት ከሙያው ውጭ ለሆነ ሰው 20 ሰከንድ አሳዩት፤ ከዚያ ሸፍናችሁ ምን እንዳየ ጠይቁት። የሚነግራችሁ በሪፖርታችሁ ላይ ከጻፋችሁት የተለየ ከሆነ እንደገና ሥሉት።