የብርሃን ፍጥነት የኮምፒውተር ገደብ ነው?

ጥያቄ፦ ብርሃን በሰከንድ ከ299,792 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ይህ ዓለም ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ምስለ ዓለም) መሆኗን አያሳይም? (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አያሳይም። ኮምፒውተሩ ቢዘገይ በውስጡ ያለው ሰዓትም አብሮ ስለሚዘገይ ነዋሪው ምንም አያውቅም። የሚሻለው የኮምፒውተሩን የስሌት ስህተት መፈለግ ነው።

ከደጀን አፋፍ ወደ ዓባይ ገደል 1 ኪሎ ድንጋይ ይልቀቁ። የአየሩን ግጭት ብንተው በ3 ሰከንድ 44.1 ሜትር ይወርዳል። ኮምፒውተር ግን ጊዜን ይቆራርጣል። በየ0.1 ሰከንዱ መጀመሪያ በቀድሞው ፍጥነት ቦታውን ቢቀይር፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን በሰከንድ በ0.98 ሜትር ቢጨምር 42.63 ሜትር ላይ ይቀራል፤ ፍጥነቱ ግን ልክ እንደ እውነተኛው በሰከንድ 29.4 ሜትር ነው። ስለዚህ ድንጋዩ 14 ጁል ያህል ኃይል ከየትም ሳያመጣ አተረፈ! እርምጃው 0.01 ሰከንድ ሲሆን 43.95 ሜትር ይደርሳል፤ በዚህ ዘዴ ስህተቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። በቤተ ሙከራ እንዲህ ያለ ትርፍ ታይቶ አያውቅም።

ቦታ እንደ ስክሪን የተቆራረጠ ቢሆንስ? ያኔ ኃይለኛ ብርሃን ከደካማው ሊዘገይ ይችላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ፌርሚ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከሩቅ ፍንዳታ የመጣ፣ 7 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የተጓዘ ጋማ ጨረር (እጅግ ኃይለኛ ብርሃን) መዘገበ፤ ከጨረሩ ኃይለኛው የደረሰው ፍንዳታው በታየ በ1 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚጠበቀው መዘግየት አልታየም። የሰለጠነ ፕሮግራም ስህተቱን ሊደብቅ ስለሚችል ግን ጥያቄዎ በዚህ ብቻ አይዘጋም።