የአባትዎን ሰዓት ማሽን ከማስቀየርዎ በፊት

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የላኩትን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የአባትዎ የስዊስ ኳርትዝ ሰዓት ባትሪ ተቀይሮለት ወዲያው እንደቆመ፣ ሰዓት ሠሪውም «ውስጡ ተቃጥሏል፣ ዕቃው አይገኝም፣ ማሽኑ ይቀየር» እንዳለዎት ጽፈዋል። በእኔ አባት ሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የደረሰው ይኸው ስለሆነ፣ ማሽኑን ለማንም አሳልፈው ከመስጠትዎ በፊት ይህን እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ።

አንደኛ፣ መለዋወጫ ሲፈልጉ የሰዓቱን ማርክ እየጠሩ አይጠይቁ። የሚያስፈልግዎ የማሽኑ ቁጥር ነው፤ እርሱም በጀርባ ክዳኑ ላይ የተቀረጸው ሳይሆን ውስጥ፣ ራሱ ማሽኑ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪው አጠገብ በደቃቅ ፊደል የታተመው ነው። የአባቴ «ኢታ 955.112» ይላል፤ ኢታ የስዊስ የሰዓት ማሽን ሠሪ ነው። ይህ ማሽን ቲሶትን ጨምሮ በብዙ የስዊስ ሰዓቶች ውስጥ ስለሚገኝ፣ መስተዋቱ የተሰበረና ባለቤቱ የጣለው የሌላ ማርክ ሰዓት ለእርስዎ መለዋወጫ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ተቃጥሏል» ሲባሉ ሳያስለኩ አይመኑ። በኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል አለ፤ ከሰርኪዩቱ፣ ማለትም ከኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው፣ የሚመጣለትን ምት እየተቀበለ ትንሿን ሞተር በየሴኮንዱ የሚያዞራት እርሱ ነው። ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ይሂዱና ባትሪው ወጥቶ የኮይሉ ሁለት ጫፎች በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩልዎ። ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ኦም አካባቢ ካሳየ ሽቦው ደኅና ነው፤ ምንም ካላነበበ ግን ተበጥሷል። የእኛን የበጠሰው ደግሞ ቃጠሎ ሳይሆን ወረንጦ ነው።

የአባቴ ሰዓት መጀመሪያውኑ ምንም አልነበረበትም። የሴኮንድ ጠቋሚው አራት አራት ሴኮንድ እየዘለለ መሄድ ጀመረ፤ ይህ ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን እንዲያስታውቅ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያበጀው ምልክት እንጂ ብልሽት አልነበረም። እኔ ይህን ባለማወቄ ተበላሽቷል ብዬ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድሁት። ሠራተኛው ባትሪውን በብረት ወረንጦ ፈልቅቆ ሲያወጣ ጫፉ አዳልጦት ኮይሉን ሲቧጥጠው አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ምን እንዳየሁ የገባኝ ግን ከወራት በኋላ ነው። አዲሱ ባትሪ ገባ፣ ሰዓቱ ግን አልተነሣም። ምክንያቱን ብጠይቀው «አሮጌ ዕቃ ይዘህ መጥተህ እኔን ትጠይቀኛለህ?» ብሎ በሰው ፊት አመናጨቀኝ።

ሦስተኛው ምክሬ ሙሉ ማሽን ስለ መግዛት ነው፤ እኔ የከሰርሁትም በዚሁ ነው። ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ ገባሁና መርካቶ ውስጥ በማርኩ ስም ጠይቄ፣ «ይገጥማል» የተባልሁትን ማሽን ገዝቼ እዚያው አስገጠምሁ። ማሽኑ ሚዮታ 2035 ነበር። የጃፓኑ ሲቲዝን የሚሠራው ጥሩ ማሽን ነው፤ ለእኛ ሰዓት ግን አልነበረም። የአባቴ ሰዓት የቀን መስኮት ሲኖረው ይህ ማሽን ቀን አይቆጥርም፣ መስኮቱ ባዶውን ቀረ። የሴኮንድ ጠቋሚው የሚሰካበት ዘንግ 0.17 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእኛ ጠቋሚ ቀዳዳ 0.20 ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጠቋሚዋ ወልቃ መስተዋቱ ሥር ወዲያ ወዲህ ስትል አገኘኋት። ይህ ሁሉ ይስተካከላል። ከገጹ ጀርባ ግን ገጹን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዙ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉ፤ ከአዲሱ ማሽን ቀዳዳ ጋር አልገጥም ስላሉት የገጠመልኝ ሰው ሳያስፈቅደኝ ሁለቱንም ቆርጦ ገጹን በማጣበቂያ ለጥፎታል። ይህን የነገረኝ የለም፤ ያወቅሁት ራሴ ስከፍተው ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ገጹን ከማንሣቱ በፊት «እግሮቹ እንዳይነኩ» ብለው አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

ደግነቱ «ምን ያደርግልሃል?» እየተባልሁም ቢሆን አሮጌውን ማሽን ይዤው ተመልሻለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ፒያሳ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ቀረብሁ። ወረቀቱን አይተው አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ መሳቢያቸውን ሳቡና የፈሰሰ ባትሪ ሰርኪዩቱን የበላበትን አንድ 955.112 አወጡ፤ ኮይሉን ለክተው ደኅና መሆኑን ካሳዩኝ በኋላ ሸጡልኝ። ማርቆስ ተመልሼ በአጉሊ መነጽርና በፕላስቲክ ወረንጦ፣ ብሎኖቹን ፈትቼ ኮይሉን የገጠምሁት እኔው ራሴ ነኝ። ጠቋሚዋ የመጀመሪያውን ሴኮንድ ስትረግጥ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ገጹ በማጣበቂያ ስለተለጠፈ 12 ቁጥሩ ወደ 1 ዘንበል እንዳለ ቀርቷል። አባቴ አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ እኔን ግን ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ባትሪውንም ልብ ይበሉ። ለ955.112 የሚሆነው 371 ወይም «ኤስ አር 920» የተባለው ነው። በልክ አንድ ነው ተብሎ «ኤል አር» የሚል የተጻፈበት ርካሽ ባትሪ ቢሰጥዎ አይውሰዱ፤ ቶሎ ይፈሳል፣ የፈሰሰ ባትሪ ደግሞ ሰርኪዩቱን ይበላል።

አሁን ክዳኑን አስከፍተው፣ ምንም ሳያስነኩ፣ ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሡና እዚሁ ይለጥፉልን። 955.112 ሆኖ ከተገኘ ኮይሉ ደኅና የሆነ አንድ ሌላ ትርፍ ማሽን ቤቴ ተቀምጧል፤ ማርቆስ ብቅ ሲሉ ያለ ምንም ክፍያ ይወስዱታል።