ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የኮላጅን ዱቄት ለኬራቶኮነስ ይረዳል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 22 ነው። የመነጽሬ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በቅርቡ ኬራቶኮነስ የተባለ የዓይን በሽታ እንዳለብኝና የኮርኒያዬ፣ ማለትም የዓይኔ የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ኮላጅን እንደተዛባ ተነገረኝ። ምን ሆኖ ነው? የኮላጅን ዱቄት ብወስድስ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ሁለተኛውን ላስቀድምና፣ ዱቄቱ አይረዳዎትም። የሚበላ ኮላጅን እንደማንኛውም ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ይበታተናል እንጂ እንዳለ ወደ ኮርኒያ አይደርስም፤ ከዚያም በላይ የእርስዎ ዋነኛ ችግር የኮላጅን ማነስ ሳይሆን የአደራደሩ መዛባት ነው።

የኮርኒያ ውፍረት መሀሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ስትሮማ የሚባለው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ውፍረታቸው 30 ናኖ ሜትር ያህል የሆነ የኮላጅን ክሮች በተመጣጠነ ርቀት ጎን ለጎን ተሰድረው ከ200 የሚበልጡ ንብብሮችን ይሠራሉ፤ የክሮቹ አቅጣጫ ከንብብር ንብብር ይለያያል፣ በተለይ ከፊት በኩል ደግሞ ንብብሮቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ብርሃን ሳይበተን የሚያልፈው ክሮቹ በመጠንና በርቀት ስለሚመጣጠኑ ነው፤ ኮርኒያው የዓይንን የውስጥ ግፊት ተቋቁሞ ቅርጹን የሚጠብቀው ግን በዚህ ጥልፍልፍ ነው።

በኬራቶኮነስ የሚላላው ጥልፍልፉ ነው። የክሮቹ ውፍረት ያን ያህል ሳይለወጥ ንብብሮቹ ይንሸራተታሉ፣ አቅጣጫቸው ይዘበራረቃል፣ ቦታውም ሳስቶ ወደ ፊት ይሾላል። ኮርኒያዎ ጥርት ብሎ እየታየ እይታዎ የሚዛባው ለዚህ ነው። ጠባሳ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ አዲሶቹ ክሮች በውፍረትም በርቀትም ስለማይመጣጠኑ ብርሃን ይበተናል፣ ቦታውም ነጭ ይሆናል።

የተዛባውን አደራደር ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት የለም። ክሮስ ሊንኪንግ የተባለው ሕክምና፣ በሪቦፍላቪን፣ ማለትም በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር አማካይነት በኮላጅኑ መካከል ተጨማሪ ትስስር ፈጥሮ በአብዛኛው በሽታው እንዳይብስ ያደርጋል። በተለመደው አሠራር ኮርኒያው ቢያንስ 400 ማይክሮን (0.4 ሚሊ ሜትር) መወፈር ስላለበት፣ እየባሰ መሆኑ በምርመራ ከታየ መዘግየት አይገባም። ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ እይታን ያጠራል እንጂ በሽታውን አያቆምም፤ ይህን ብዙዎች ያምታቱታል።

ዓይንዎን ፈጽሞ አይሹ፤ የሚያሳክክዎ ከሆነ አለርጂው ይታከም። እይታዎ በድንገት ከደበዘዘና ዓይንዎ ከታመመ ወይም ነጣ ካለ ግን ፈሳሽ ወደ ኮርኒያው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ይመርመሩ።