መልስ፦ የለጠፍኩት የሳይክል ጎማ በማግስቱ ለምን ይተነፍሳል?

ሶስቴ ለጥፈህ ሶስቴም ጠዋት ተንፍሶ ካገኘኸው ችግሩ ልጥፉ ላይሆን ይችላል፣ የሚወጋው ነገር እዛው ውስጥ ቀርቶ ይመስለኛል።

ካላማዳሪያውን፣ ማለትም ጎማው ውስጥ ያለውን የሚነፋ ላስቲክ፣ አውጥተህ ንፋውና ውሃ ውስጥ ነክረህ አረፋ የሚወጣበትን ፈልግ፣ ከዛ ቀዳዳው በየት በኩል እንደሆነ እይ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ጎማው በሚነካው በኩል ከሆነ እሾህ ወይ የጠርሙስ ስባሪ ጎማው ላይ ተሰክቷል፣ ውስጡን ዙሪያውን በጨርቅ ዳብሰው ጨርቁን ይይዝልሃል፣ በባዶ ጣት ግን እንዳትሞክረው። በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦዎቹ ጫፍ ነው የሚወጋው፣ የሚሸፍናቸው ላስቲክ ተንሸራቶ ይሆናል አስተካክለው። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካየህ ደግሞ ወጊ አትፈልግ፣ ንፋስ አንሶት እየነዳኸው በቸርኬው ተቆንጥጦ ነው።

ስትለጥፍ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ማስቲሹን በስሱ ቀብተህ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ እርጥብ እያለ ከለጠፍከው አይቆይም።

ጎማውን ስትመልስ በካቻቢቴ እንዳትፈነቅለው አደራ! እኔ አዲስ ካላማዳሪያ በዚሁ በስቻለሁ። መጀመሪያ ካላማዳሪያውን ቅርጽ እስኪይዝ ትንሽ ንፋው፣ ከዛ ጎማውን በአውራ ጣትህ እየገፋህ አስገባ፣ መጨረሻ ላይ ይጠብቃል ግን ይገባል።