መድኃኒት የጠጣ እንጨት ውሃም ይጠጣል (ጥያቄና መልስ)

ደሴ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ክረምት ሲገባ ጠያቂው ይበዛል፤ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቁም ሳጥን ኮምቦልቻ አሠርቼ ደሴ አመጣሁ። ግንቦት ላይ በሩ ልክ ነበር፤ ሐምሌ ላይ አልዘጋ አለ። መድኃኒት የጠጣ ኮምፔንሳቶና ጣውላ ነው ብለውኝ ነበር። ተሸወድኩ?

መልስ፦ አብሽር፣ አልተሸወድክም። መድኃኒቱ የሚከለክለው ምስጥንና መበስበስን ነው፤ ውሃን አይደለም። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ የጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ ስትገባ እንጨቱ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። እንጨት ደግሞ በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያብጠው ወደ ጎን ነው። ኮምፔንሳቶ ውስጥ ስስ ንጣፎቹ አንዱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም ስለሚጣበቁ አንዱ ሌላውን ይዞ እንዳያብጥ ያግደዋል። ስለዚህ የምጠረጥረው ዙሪያውን ያለውን ጣውላ ነው። አሁን በመላጊያ እንዳትነካው! ታኅሣሥ ላይ ሲደርቅ ይሰበሰብና ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተውልሃል። ሌላ ጊዜ እንጨቱን የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን አሳድረው፤ ከዚያ ይለካ።

ጥያቄ፦ የቺፑዱ ጠርዝ አብጦ ላሚኔቱ ተላጠ። ሲደርቅ ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም፣ እህቴ። ቺፑድ በኃይል የታመቀ ፍቅፋቂ ነው። ውሃ ሲያገኝ ፍቅፋቂው ይነፋል፣ ኮላውም ይለቃል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ቤት እቃ ማጠቢያ ሥር ገብቼ ጠርዙን ብጫነው ጣቴ እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠበት። ፊቱ ግን አዲስ ይመስላል! ውሃ የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝ ነው፤ አናጺዎቻችን ደግሞ የማይታየውን የታችኛውን ጠርዝ ባዶውን ይተዉታል። ሁለቴ ቫርኒሽ ይቀባ፤ ሳጥኑም በእግር ከወለሉ ከፍ ይበል።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ውስጥ የተነከረ ጣውላ ገዝቼ ራሴ ላጣብቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ይድረቅ። በውሃ የተበጠበጠ መድኃኒት እንጨቱን እንደገና ያረጥበዋል፤ እርጥብ ላይ ኮላ አይዝም። የእርጥበት መለኪያ ካለህም ሙሉ በሙሉ አትመነው፤ የመድኃኒቱ ጨው ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ቁርጥራጩስ ለምድጃ?

መልስ፦ በፍጹም! አንዳንዱ መድኃኒት አርሴኒክ አለበት። ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። ለጀበና እሳት እንኳ አታድርጉት።